የኡዶ ፓሼክ ቡሩሽ

ኡዶ ፓሼክ ጉልበቱን ያጣው ሐሙስ ነው፤ ስሙን ያጣው ቅዳሜ። ጉልበቱን ለመደው። ስሙን አልለመደውም።

የከሰል ማዕድን ከተማዋ የሃልደንቤክ ልጅ ነው። አባቱም አያቱም ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ። ኡዶን ከጉድጓድ ያዳነው ግራ እግሩ ነው። ገና ወጣት ሳለ ለከተማው እግር ኳስ ክለብ ፈረመ፤ ያኔ ክለቡ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ ነበር። የግራ መስመር ተከላካይ ሆነ። ጎል አያገባም፣ ቃለ ምልልስ አይሰጥም። የክንፍ ተጫዋቾች ከፓሼክ ጋር አንድ ቀን ከዋሉ በኋላ መስመሩን ትተው መሃል ሜዳ ሥራ ይፈልጋሉ ይባል ነበር።

የካቲት ላይ ሣሩ በረዶ ሆነ። አሰልጣኙ ዶርን ቡድኑን ወደ አመድ ሜዳው ወሰደ። ይህ ሜዳ ከማዕድን ጥራጊ ተፈጭቶ የተነጠፈ፣ ቀይ፣ እንደ ሞረድ የሚፍቅ ነው። የኡዶ ጉልበት ከእሁዱ ጨዋታ ጀምሮ አብጧል። ሐኪሙ መርፌ ወግቶታል።

"አሰልጣኝ፣ ጉልበቴ አይታጠፍም" አለ ኡዶ።

"መቼ ታጥፎ ያውቃል? አንተ እንጨት አይደለህ እንዴ? ኳሷን ተንሸራተህ ንጠቅ፤ ሸርተቴ ግባ።"

ገባ። ደግሞ ገባ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ፤ ድምፁን የቆሙት ሁሉ ሰሙት።

በአመድ ሜዳ የተላጠ ሰው ወዲያው ቧንቧው ሥር ተቀምጦ በጠንካራ ቡሩሽ ይፈተጋል። ካልተፈተገ አመዱ ከቆዳ ሥር ገብቶ ዕድሜ ልክ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ያን ቀን ቡሩሹን የያዘው ራሱ ዶርን ነበር። ዶርን ሲፈትግ ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለችው፤ "የጮኸ እሁድ አይጫወትም።"

ኡዶ አልጮኸም። እሁድም አልተጫወተም። ከዚያ በኋላ ተጫውቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ጋዜጣው ላይ የዶርን ቃል ወጣ። "የፓሼክ ጉልበት ጤነኛ ነው። የታመመው ልቡ ነው። ሰውዬው ሕመም ይፈራል።"

ሌላ ከተማ ቢሆን ይረሳ ነበር። ሃልደንቤክ ውስጥ ግን ወንዶች ጣታቸውን ጉድጓድ ውስጥ ጥለው ወጥተው ቢራቸውን በቀረው እጃቸው የሚጠጡ ናቸው። የኡዶ አባት ጋዜጣውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ነገሩን ሳያነሳ ሞተ። ቢራ ቤት ኡዶ ወንበር ሲስብ፣ "ቀስ በል ኡዶ፣ እንዳያምህ!" የሚል አይጠፋም ነበር። ስድቡ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። ሲጫወት ያላዩት ሁሉ ፈሪነቱን ያውቃሉ።

ዶርን ወደ ትልልቅ ክለቦች ሄደ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ክለቡ ዲቪዚዮን በዲቪዚዮን ወረደ። ኡዶ ከሜዳው ጋር ቀረ፤ ጠባቂ ሆነ። ሣር ያጭዳል፣ መስመር ያሰምራል፣ የአመድ ሜዳውን በሮለር ይጠቀጥቃል። ሥልጣንም አለው። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ሣሩ ይከፈት ወይ ይዘጋ የሚለው እሱ ነው። ቃሉን ከንቲባውም አይሽረውም።

ዶርን ሰባ ዓመት ሲሞላው ልደቴን በጀመርኩበት ሜዳ ላክብር አለ። የአንጋፋዎች ጨዋታ ተዘጋጀ። ከጨዋታው በፊት ባለልደቱ ፍጹም ቅጣት ምት ይመታል።

ዋዜማውን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት የክለቡ ሊቀመንበር ጉድሩን ጃንጥላ ይዛ መጣች። ኡዶ ሣሩ ላይ ኳስ ለቀቀ። ኳሷ ነጠረች።

"ትነጥራለች" አለች ጉድሩን።

"እርጥብ ነው።"

"ኡዶ፣ ስማኝ። ሰውዬው አርጅቷል።"

"እኔስ?"

"የቆየ ነገር እኮ ነው።"

"ላንቺ ነው የቆየው። የወጋ ይረሳል።"

ሄዶ 'ሜዳው ዝግ ነው' የሚለውን ሰሌዳ ሰቀለ። ሣሩ ሲዘጋ ጨዋታው ወደ አመድ ሜዳው ይዛወራል። ከዚያ ሮለሩን አውጥቶ የአመድ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠቀጠቀ። የፍጹም ቅጣት ምቱን ነጥብና ዙሪያውን ብቻ አልነካውም። እዚያ አመዱ እንደላላ ቀረ።

ዶርን ከሰዓት መጣ። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ሶላቸው የለሰለሰ ነጭ ጫማዎች። ሰሌዳውን አይቶ ሳቀ።

"ፓሼክ! አሁንም ሜዳው ላይ ነህ? ከተጫዋችነትህ ሣር አጫጅነትህ ይሻላል ይሉኛል።"

"ማይክሮፎኑ እዚያ አለ፣ አሰልጣኝ" አለ ኡዶ። "ጉልበቴ ተበጥሶ እንደነበር ያውቁ ነበር። እሱን ይናገሩና ሣሩን እከፍታለሁ።"

"በልደቴ ቀን?"

"በልደትዎ ቀን።"

"አሁንም ታለቅሳለህ?" ዶርን ወደ ሕዝቡ ዞረ። "አመድ ላይ ነው ያረጀሁት! ኳስ አምጡልኝ!"

ሕዝቡ አጨበጨበ። ግብ ጠባቂው ዳቦ ጋጋሪው ቴኦ ነበር፤ የባለልደት ምት አይያዝም፣ ደንቡ ነው።

"በየት በኩል ልውደቅ?" አለ ቴኦ።

"በግራ" አለ ዶርን። "አሳምረህ ውደቅ።"

ዶርን ተንደረደረ። የቆመበት እግሩ የላላው አመድ ላይ ሸሸ። ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ በጉልበቱ ተንሸራቶ ሄደ፤ ኳሷ ነጥቡ ላይ እንዳለች ናት።

"ኧረ መውደቁ የኔ ሥራ ነበር!" አለ ቴኦ።

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ዶርን ሲነሣ ሱሪው ተቀዷል፤ ጉልበቱ ቀይ ነው፣ ከፊሉ አመድ፣ ከፊሉ ደም።

ኡዶ ክንዱን ይዞ ወደ ቧንቧው ወሰደው። ባልዲው ተገልብጦ ይጠብቅ ነበር። ቡሩሹም።

"ይቀመጡ፣ አሰልጣኝ።"

"ሐኪም ጥሩልኝ!"

"ሐኪሙ ቋሊማ መሸጫው ጋ ነው። አመዱ አይጠብቅም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።"

ዶርን ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅ ተቀመጠ። ኡዶ ውኃውን ከፈተና ቡሩሹን አሳረፈ። ዶርን ጮኸ። ጩኸቱ ቋሊማ መሸጫው ድረስ ተሰማ፤ ሰዎቹ ቢራቸውን እንደያዙ መጡ።

"የጮኸ እሁድ አይጫወትም" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ያኔ ከቡድኑ ጋር የነበረ ነው።

ኡዶ አልሳቀም። "ጉልበቴ ጤነኛ ነበር?"

"ተወኝ!"

ፈተገ።

"ጤነኛ ነበር?"

"አልነበረም!"

"ታውቅ ነበር?" እርስዎ ማለቱን ትቷል።

"ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር! ማሰለፍ የለብህም ብሎኝ ነበር! ሌላ ተከላካይ አልነበረኝም!"

"ጋዜጣውስ?"

"ጥፋቱ ከእኔ ላይ እንዲነሣ ብዬ ነው… አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት።"

ኡዶ ወንበር በሳበ ቁጥር ሲያላግጡበት የኖሩት ቢራቸውን ያዩ ነበር።

ጉድሩን ኡዶን ትከሻውን ነካችው። "ይበቃል። ተናገረ እኮ። ሁሉም ሰማ።"

ኡዶ ጎንበስ ብሎ የዶርንን ጉልበት አየ።

"ተናግሯል" አለ። "ግን ገና አልጠራም።"

ውኃውን ጨመረና ቡሩሹን መልሶ አሳረፈ።