ወንድሜ ሐይቅ ላይ ጠፍቶ ስልኬን የደበቁብኝ ቀን

ነገሩ የሆነው በ2021 ጃንዋሪ፣ የሐበሻ ገና ባለፈ በሳምንቱ ነው። ወንድሜ ሐይቅ ላይ ጠፍቶ እየተፈለገ ሳለ፣ እኔ ቤቴ ሳሎን ውስጥ በሦስት ሰዎች ተከብቤ እህል ቅመሺ እየተባልኩ እለመን ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል መጥፋቱን የማላውቀው እኔ እህቱ ብቻ ነበርኩ። ጊዜ ሲያልፍ ይቀልልሻል ያሉኝ ብዙ ናቸው። ወራት አለፉ፤ አልቀለለኝም። እንዲያውም ባሰብኩት ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኛል።

እኔ ሰናይት እባላለሁ። ወንድሜ ዮናስ ይባላል፤ ታናሼ ነው። ላስ ቬጋስ አጠገብ ሄንደርሰን ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን። እኔ ሜዲካል ዲስትሪክት አካባቢ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ የነርስ ረዳት ነኝ። እሱ ደግሞ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድል ዲለር ነበር። ኮቪድ መጥቶ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ከሥራ ወጣ፤ ሲከፈቱም መልሰው አልጠሩትም። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ የእኔው መነኩሴ ካይት ሰርፊንግ የሚሉትን ነገር ጀመረ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ሰውየው ውሃ ላይ በሰሌዳ ይቆማል። ወገቡ ላይ በታጠቀው መታጠቂያ ከአንድ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ ጋር በረጃጅም ገመዶች ይታሰራል። ከዚያ ነፋሱ ክንፉን፣ ክንፉ ደግሞ ሰውየውን እየጎተተ ውሃው ላይ ያስሮጠዋል። ይህ የሚደረገው በዚያ ብርድ ነው። ላስ ቬጋስ ዓመቱን ሙሉ እሳት የሚመስላችሁ ካላችሁ በጃንዋሪ ጠዋት ሌክ ሚድ የሚሉት ሐይቃችን ዳር ሄዳችሁ ቁሙ። ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ አጥንት ድረስ ይገባል። ዮናስ ግን ጥሩ ነፋስ ያለው በብርድ ነው እያለ፣ ወፍራም የጎማ ልብሱን ለብሶ እየሳቀ ይሄዳል። በረሃ አቋርጠን የመጣነው ውሃ እንዲበላህ ነው ወይ ብዬ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ከናይት ሺፍት ስገባ እሱና ጓደኛው ቢኒያም ዕቃቸውን መኪና ላይ ይጭኑ ነበር። ቢኒያም እዚያው ካዚኖ አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ሌሊቱን ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ሰው ሞቶብን ስለነበር ለጭቅጭቅም አቅም አልነበረኝም። ተጠንቀቁ ብቻ ብያቸው ገብቼ ተኛሁ።

ሐይቁ ላይ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ረፋዱ ላይ ነፋሱ በድንገት ጠነከረ። ሌሎቹ ሁሉ ከውሃው ወጡ። ዮናስ አንድ ዙር ብቻ ብሎ ቀረ። ክንፉ ተገለበጠ፣ ገመዶቹ ተተበተቡ፣ ነፋሱም እየጎተተ ወስዶ ከአንድ የድንጋይ አፋፍ ጀርባ ሰወረው። ቢኒያም ዳር ዳሩን እየሮጠ ቢጣራ መልስ የለም። ወዲያው ለድንገተኛ አደጋ ደወለ፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይስጠው። የእኔንም ስልክ ቁጥር ሰጣቸው። ቀጥሎ ግን ለእኔ አልደወለም። የደወለው ለእትዬ ብርቄ ነው።

እትዬ ብርቄ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል ከመጡት ስደተኞች አንዷ ናቸው። እዚህ ከተማ ስንገባ አውሮፕላን ጣቢያ የተቀበሉን፣ መኪና መንዳት ያስተማሩኝ፣ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ንዴቴን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ባዳ ቢሆኑ ኖሮ ሰድቤ እገላገል ነበር። ቢኒያም ለሰናይት እንዴት ብዬ ልንገራት ብሎ ሲጠይቃቸው፣ አንተ እንዳትነግራት፣ እሷን እኛ እንይዛታለን አሉት። እሱም እሺ አለ።

ከቀትር በኋላ የበር ደወል ቀሰቀሰኝ። ስከፍት እትዬ ብርቄ፣ የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ መኮንንና ባለቤታቸው ማስክ አድርገው ቆመዋል። ድስት ይዘዋል። ያን ጊዜ ሰው ሰው ቤት አይሄድም፤ ቅዳሴ እንኳ በስልክ ነበር የምንሰማው። ምን እግር ጣላችሁ ስላቸው ናፍቀሽን ነው አሉ። እንቅልፌ ገና ስላልለቀቀኝ እሺ ብዬ አስገባኋቸው።

እትዬ ብርቄ «ስልኬ ባትሪ ጨረሰ፣ ለልጄ ልደውል» ብለው የእኔን ስልክ ተቀበሉኝና ወደ ሻወር ቤት ገቡ። ሲመለሱ ስልኩ እጃቸው ላይ የለም። የጋሽ መኮንን ባለቤት ወጡን አሙቀው አቀረቡ። ከዚያ ሦስቱም ባንድ አፍ እህል ቅመሺ አሉኝ።

ሐበሻ ሆኖ ይህቺን የማያውቅ የለም። ሳይጠሩት የመጣ ሰው፣ የጠፋ ስልክ፣ በልመና የሚቀርብ እህል። መርዶ ነው። ሰው ባዶ ሆዱን አይረዳም፣ መጀመሪያ ይበላል። እኔም የመጣልኝ ሌላ ማንም አይደለም፣ ደሴ ያለችው እናቴ ናት። በዚያው ሰሞን ሳል ጀምሯት ነበር። የፈሩት ይደርሳል አልኩና ተነስቼ ጮህኩ።

እናትሽ ደህና ናት፣ ማንም አልሞተም አሉኝ። ታዲያ ስልኬን ስጡኝና ልደውልላት አልኩ። ስልኩ ይቆይ ልጄ አሉ ጋሽ መኮንን። ደህና ከሆነች ለምን ይቆያል? እኔም ሞታለች ብዬ ቆረጥኩ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩላት። በሕይወት ላለች እናቴ ሙሾ ሳወርድ ሦስቱም ያዩኛል። እትዬ ብርቄ ደግሞ ጀርባዬን እያሻሹ ያለቅሳሉ።

መሃል ላይ ዮናስ ትዝ አለኝ። እሱስ ሰምቷል ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ዮናስ መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው» አሉኝ እትዬ ብርቄ።

ሌላውን ሁሉ ልርሳው ብል እንኳ ይህቺን ቃል አልረሳትም። እሷን ሲናገሩ ዓይናቸው አልተርገበገበም።

ለምን ስልክሽን ነጥቀሽ አልደወልሽም ትሉኝ ይሆናል። ስልኩ ቦርሳቸው ውስጥ ነው፤ ቦርሳው ጉያቸው ውስጥ ነው። እናት የሆነችኝን ሴት ታግዬ ቦርሳ እቀማለሁ? ከቤት ወጥቼ እንዳልሄድ ጋሽ መኮንን ወንበራቸውን በሩ አጠገብ አድርገው ተቀምጠዋል። ሁለት ሰዓት ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ እንዲህ ሆኜ ቆየሁ።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ መኮንን ሲከፍቱ ዩኒፎርም የለበሰ ረጅም ፖሊስ ቆሟል። ስሜን ጠራ። እኔ ነኝ አልኩት። ከቀትር በኋላ ስንደውልልሽ ነበር፣ ስልክሽ ዝግ ነው አለኝ። ቀጥሎም ወንድምሽ ሐይቁ ላይ ጠፍቷል፣ እየፈለግነው ነው፣ እስካሁን አላገኘነውም አለኝ። በቃ፣ እንዲህ ነው የነገረኝ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳያስበላኝ፣ ሳያስቀምጠኝ። ከኋላዬ እትዬ ብርቄ ለጋሽ መኮንን «ኧረ አትንገራት በለው!» ይላሉ ባማርኛ።

አልወደቅሁም። ልቤም ቀጥ አላለም። ለእናቴ ያፈሰስኩት እንባ ፊቴ ላይ ሳይደርቅ ፖሊሱን ምን ልርዳህ አልኩት። የዮናስ ስልክ መኪናው ውስጥ ተገኝቷል፣ ሰውነቱ ላይ የሚይዘው ሌላ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሰዓቱ አለ። የራሱ የስልክ መስመር ያለው የእጅ ሰዓት ነው፤ ውሃ አይገባውም። ሐይቅ በሄደ ቁጥር ደረስክ ወይ፣ ወጣህ ወይ እያልኩ ስለምጨቀጭቀው፣ የሰዓቱን ሎኬሽን ከእኔ ስልክ ጋር ሼር አድርጎት ነበር። የት እንዳለ ካርታ ላይ በትንሽ ነጥብ ያሳየኛል። ከእኔ ስልክ በስተቀር ያንን ነጥብ የሚያሳይ ሌላ ስልክ በዓለም ላይ የለም። ቢኒያምም ይህን አያውቅም ነበር።

ስልኬን ስጡኝ አልኳቸው እትዬ ብርቄን። አሁንም አመነቱ። ጋሽ መኮንንን ያያሉ። ያኔ ሰው ሁሉ እያየ ቦርሳቸው ውስጥ እጄን ሰድጄ አወጣሁት። አጥፍተውታል። እስኪበራ ድረስ እንደዚያ ቀን የዘገየ ስልክ አይቼ አላውቅም።

ነጥቧ አለች። ከአፋፉ ጀርባ፣ ጠባብ ገደል ሥር። ጀልባዎቹ የሚፈልጉት ነፋሱ ወስዶታል ብለው ሰፊው ውሃ ላይ ነበር። ፖሊሱ ስልኬን ተቀብሎ ቦታውን ወዲያው በሬዲዮ ተናገረ።

ሄሊኮፕተር ሄዶ አነሳው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ነበር የቀራት። ቁርጭምጭሚቱ ድንጋይ ላይ ተሰብሯል። ሰውነቱ ቀዝቅዞ መንቀጥቀጡን እንኳ አቁሞ ነበር። መንቀጥቀጥ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ሥራዬ ስለሆነ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ሐኪሙ ግን ነገረኝ። ቢመሽ ኖሮ በሕይወት አናገኘውም ነበር አለ።

በኮቪድ ምክንያት ወደ ውስጥ ስለማያስገቡ የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሜ ስጠብቅ እትዬ ብርቄ መጡ። ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ለአንቺ ብለን እኮ ነው ልጄ። ድንጋጤ ይገድላል።»

«እኔን ድንጋጤ አልገደለኝም እትዬ» አልኳቸው። «እሱን ግን የእርስዎ ደግነት ሊገድለው ነበር።»

ክፉ ቃል ነው፤ አውቃለሁ። አሁንም አልመልሰውም።

ያ የብርድ ወራት ለእኔ ምን እንደነበረ ሰው ቢያስብልኝ እወድ ነበር። ቤተሰቡ መግባት የተከለከለበት ሰው ሲሞት፣ ልጆቹ እንዲሰናበቱት ታብሌቱን ፊቱ ላይ ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ። የስንቱን ዓይን ከድኛለሁ። ክፉ ወሬ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ይህን እያወቁ፣ ስለ ገዛ ወንድሜ መስማት አትችልም ብለው ሦስት ሰዎች ሳሎኔ ውስጥ ወሰኑልኝ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሰናይት ውለታ ቢስ ናት፣ ያበላትን እጅ ነከሰች ተባለ። ጋሽ መኮንን ሁለት ሽማግሌ ይዘው ለዕርቅ መጡ። በአክብሮት ተቀበልኳቸው፤ ይቅርታም ከለከልኩ እንዳይባል አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። ተሳስተናል በሉኝ አልኩ። ወጋችን ነው ልጄ፣ ያጠፋነው የለም አሉኝ። ወጉንማ አውቀዋለሁ። አባቴን የተረዳሁት በዚሁ ወግ ነው፤ ሰው ከብቦኝ፣ እህል ቀምሼ፣ እናም ጠቅሞኛል። ግን መርዶ ለሞተ ሰው ነው። የሞተ ሰው እስክበላ ይቆየኛል። ወንድሜ አልሞተም ነበር። ይህን ስላቸው አንደኛው ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ መኮንን ግን ቆባቸውን አንስተው ወጡ።

ዮናስ እኔን አይመስልም። ትንሽ ያነክሳል እንጂ ድኗል፤ ይቅር ብሏቸዋል፤ እሑድ እሑድ እትዬ ብርቄ ቤት ሄዶ ይበላል። ቤታችን ግን፣ እኔ ስለምቆጣ፣ ነገሩ አይነሳም። አንድ ቀን ብቻ፣ እግሩ በጄሶ እንደታሰረ፣ ገደሉ ሥር ሆኖ ምን ሲያስብ እንደነበር ጠየቅሁት።

የሰዓቱ መስታወት ድንጋይ ላይ ስለተሰበረ መደወል አልቻለም። ሎኬሽኑ ግን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር። ከአፋፉ ማዶ የጀልባ ሞተር ይሰማዋል። በክርኑ እየተሳበ ወደ ላይ ቢወጣ ምናልባት ያዩት ነበር፤ አቅሙም ያን ጊዜ ገና አላለቀም።

«ታዲያ ለምን አልወጣህም?» አልኩት።

«ብንቀሳቀስ ነጥቧ ትጠፋብሻለች ብዬ ነዋ» አለኝ። «እያየሽኝ መስሎኝ ነበር።»

እትዬ ብርቄ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ለአንቺ ብለን እኮ ነው ይሉኛል። ለእኔ ተብሎ እኔ ሳሎን ተቀምጬ ለቆመች እናቴ አለቅስ ነበር። ወንድሜ ደግሞ እህቴ ታየኛለች ብሎ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ሳይነቃነቅ ይጠብቀኝ ነበር።