ወደ አክስቴ የተላከው ውሃ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋውም የምታድረውም ከአጎቴ ቤት ጎን በተለጠፈች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የክፍሏ የራሷ ግድግዳ ሦስት ብቻ ነው፤ አራተኛው የአጎቴ ነው። ጣሪያዋ የሱን ግንብ ተደግፎ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነብላል። እሷ "ቤቴም እንደኔ ላጤ ነው፣ ዘመድ ላይ ተደግፎ ይኖራል" እያለች ትቀልዳለች።

አያቴ ሊሞት ሲል ቤቱን ለወንድ ልጁ ሰጠ። እሷን ደግሞ "ግድግዳው የጋራችሁ ነው፣ ተጠጊበት፣ ማንም አያነሳሽም" አላት። ለአንዱ ሳሎን፣ ለአንዷ መደገፊያ። ይሄም ውርስ ተብሎ ተለቀሰለት።

የአጎቴ ቤት የድሮው ጣሪያ እንደተደፋ መጽሐፍ ነበር። ውሃው የሚወርደው በፊትና በኋላ ነው፣ በእሷ በኩል ጠብ አይልም። ባለፈው በጋ ግን አጎቴ ከመንገድ ሲያዩት እንዲያምር ብሎ አፈረሰውና በአራቱም በኩል የሚያፈስ አሠራ። አናጺው በዚያኛው ጎን ውሃው የት ይውረድ ብሎ ጠይቆት ነበር። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ጨው አቀብሉኝ እንኳን አይልም። ከዚያ "እዚያ ምን አለ? ተለጣፊ ብቻ ነው" አለ።

እህቱ እኮ ናት እዚያ ያለችው።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ያ ሁሉ ውሃ በአሮጌ ቆርቆሮዋ ላይ ወረደ። ቆርቆሮውና ግንቡ የሚገናኙበት ቦታ ተከፈተና ዝገት ያዘለ ውሃ ለክሊኒክ ሰፍታ የሰቀለቻቸው ነጭ ጋዋኖች ላይ ተንጠባጠበ። ጋዋኖቹ ነብር መሰሉ። የክሊኒኩ ኃላፊ ሁሉንም መለሰችባትና ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ሥራውን ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ ነገረቻት። አክስቴ ከክሊኒኩ ሌላ ይሄ ነው የሚባል ደንበኛ የላትም።

ወደ አጎቴ ሄዳ ውሃውን የሚቀበል አሸንዳ እንዲሰቅልላት ለመነችው። አሸንዳ መልኩን ያበላሸዋል አለ። ይልቅ ሲዘንብ ማሽኑን ወደ ጥግ ብትገፋው ምን አለበት አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ጎረቤቱም ታላቅሽ ነው ቻይው አላት። እናቴ ሳትቀር ዝናብም ያልፋል አለች። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያልተኛ ሰው ትዕግሥት ሲመክር!

ሰማዩ በጠቆረ ማግስት አክስቴ ያን ከባድ የእግር ማሽን አሸክማ ወጣችና የአጎቴ በረንዳ ላይ፣ ልክ ከበሩ አጠገብ ተከለችው። ጋዋኖቹን የበረንዳው መከለያ ላይ ደረደረች። አጎቴ ከረባቱን እያሰረ ሲወጣ አንዲት ወፍራም ደንበኛ እጆቿን ዘርግታ ደፉ ላይ ስትለካ አገኛት።

"አንቺ ልጅ፣ ምንድነው ይሄ?"

"ውሃውን ወደኔ ላክኸው፣ ጋሼ። ቤቴን ሲይዝብኝ እኔ ወዳንተ መጣሁ።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ጣሪያው ያምራል ይላል። እኔም ከሥሩ ሆኜ እየሰማሁ ነው።"

ጉሮሮውን ጠረገ፣ አሁንም ጠረገ። በመጨረሻ ወደ ቤትሽ ግቢ አላት።

"አባባ ግድግዳውን ተጠጊበት አለኝ እንጂ በየትኛው በኩል እንደሆነ አልነገረኝም" አለችና መርገጫውን ረገጠች።

አሸንዳው የሚቀጥለው ዝናብ ሳይመጣ ተሰቀለ። አክስቴ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፣ የክሊኒኩም ሥራ ተረፈላት። አጎቴ አሁን ለመጣው እንግዳ ሁሉ አሸንዳውን በጣቱ እያሳየ "ለእህቴ ብዬ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አያስችለኝም" ይላል። እናቴም ወንድም ማለት እንዲህ ነው ትላለች። አክስቴ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ሁሉንም ትሰማለች፤ ግድግዳው የጋራ ነው።

ባለፈው ደግሞ አጎቴ ከነዚያ ከተበላሹት ጋዋኖች ለመኪናው መወልወያ የሚሆን ቁራጭ ካለሽ ብሎ ላከባት። እሷም ቀድዳ ሰጠችው። እኔ ብሆን ጨርቁን ከነዝናቡ ነበር የምልክለት።