በኤሌውቴርዮ እጅ የነበረው ቀርከሃ

ኤሌውቴርዮ ማናንሳላ ከራሱ ክብር ይልቅ የተሰጠውን አደራ የሚያስቀድም ሰው ነው። በየዓመቱ በስቅለት ዓርብ የሐዘንተኛይቱ እመቤታችን የተቀረጸ ምስል በሠረገላ ሆኖ በአሮጌው የድንጋይ ጎዳና ሲያልፍ፣ እርሱ ከፊት እየሄደ ጎዳናውን አቋርጠው ዝቅ ብለው የተንጠለጠሉትን የመብራት ሽቦዎች በረጅም ቀርከሃ ከብር አክሊሏ በላይ ያነሣ ነበር።

ዘንድሮ ግን መስኮታቸው በመስተዋት ፈንታ በስስ ዛጎል ከተሠራ ቤቶች አጠገብ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ትከሻው ከዳው። ቀርከሃው ተንቀጠቀጠ፤ ሽቦውም ወደ አክሊሉ ወረደ።

«ቁሙ» አለ።

ሠረገላውን የሚገፉት ሰዎች በጉልበታቸው ገትረው ያዙት። ከመካከላቸው አንዱ ኤሌውቴርዮን በአክብሮት በአጭር ስሙ ጠርቶ፣ «ማንግ ቴሮ፣ ቶሎ በል እንጂ፤ እኛም ሥጋ ነን፣ ፍሬን አይደለንም» አለው።

የምስሉ ባለቤት ዶንያ ኮንሶላስዮን ቀረብ ብለው፣ «ሕዝቡ ከኋላ እየገፋ ነው፤ ምን ሆንክ?» አሉት።

«እጄ አልይዝ አለኝ፣ ዶንያ።»

«ታታይ፣ ለእኔ ስጠኝ» አለችው ሻማ ይዛ ከጎኑ የምትሄደው ልጁ ሉድቪና። ያንን ቀርከሃ ሴት ይዛው አታውቅም፤ ስትለምነውም «ስሞት ትይዥዋለሽ» ይላት ነበር።

ሠረገላው አንድ ስንዝር ተንሸራተተ። ኤሌውቴርዮ ቀርከሃውን አስረከባትና ሻማዋን ተቀበላት።

«ዓይንሽን ከአክሊሉ እንዳትነቅዪ።»

«ሳትሞትም ይቻል ኖሯል» አለችና ሽቦውን ወደ ላይ ገፋችው። እመቤታችን ምንም ሳይነካት አለፈች። እርሱም ሻማውን ይዞ ከሕዝቡ ጋር ከኋላዋ ተከተለ።

እግዚአብሔር የኤሌውቴርዮን ትከሻ ያሳርፍ፤ የሉድቪናን ክንድ ያጽና፤ ቤታቸውንም በሰላም ይጠብቅ። አሜን።