የወይፈን ቀጥቃጩ ምርጫ

መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ሆኜ የገባሁ ዕለት አለቃዬ አቶ ታደሰ የሰጡኝ ነጭ ጋዋን እንደ እኔ ያለ ሁለት ሰው ይይዛል። እጅጌውን ጠቅልዬ የላምባ ምድጃውን አቀጣጠልኩና መርፌ መቀቀል ጀመርኩ። በአገሩ የገባው ድርቅ ያደከማቸው ሰዎች በሩን ሞልተውታል። እኔም ቶሎ ቶሎ ወግቼ ለመጨረስ ቸኩያለሁ።

አቶ ታደሰ በጤና ረዳትነት ብዙ የቆዩ፣ ቁጡ ግን ደግ ሰው ነበሩ። መርፌውን ከእጄ ተቀብለው ሳህኑ ላይ መለሱት። «መጀመሪያ ሰውየውን አስቀምጠው፤ ከዚያ ጠይቀው። መርፌው እንደሆነ የትም አይሄድም» አሉኝ። ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ የምን ወሬ ነው አልኩ በሆዴ።

አባ ይመርን ያወቅኋቸው በልብ በሽታቸው ነው። ከከላላ በየወሩ በበቅሎ እየመጡ የልብ ክኒናቸውንና ውሃ የሚያስወጣውን ክኒን ይወስዳሉ። እግራቸው ያብጣል፤ በጣቴ ተጭኜ ሳነሳ ጉድጓዱ ይቀራል። ሥራቸው ወይፈን መቀጥቀጥ ነበር፤ ወይፈኑን አኮላሽተው ለእርሻ የሚሆን በሬ ያደርጉታል። ከከላላ እስከ ወግዲ ቀንበር የተሸከመ በሬ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው ይባል ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ሽንታቸው ተዘግቶ መጡ። ቱቦ አስገብቼ ሆዳቸው ሲተነፍስላቸው «ልጄ፣ አላህ ጀነት ያግባህ፤ ግን አይቸኩልብህ» ብለው መረቁኝ። ቱቦውን ሳወጣው ሽንቱ መልሶ ተዘጋ። ወገባቸውንም አጥንታቸው ድረስ ያማቸው ነበር። አቶ ታደሰ ወደ ደሴ ይዣቸው እንድሄድ አዘዙኝ፤ የአባ ይመር ባለቤት እትዬ ዘይነባም አብረውን በጭነት መኪና ተሳፈሩ።

የደሴው ሐኪም መርምረው፣ ናሙና ወስደው፣ ውጤቱ ሲመጣ ሦስታችንንም አስቀመጡን። የፕሮስቴት ካንሰር ነው።

«አባባ» አሉ፣ «ይህ በሽታ የሚመገበው ከዘር ፍሬ የሚመነጨውን ሆርሞን ነው። ያንን ካስራብነው ይተኛል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።»

«ረሃቡ ዘንድሮ ለእሱም ይድረሰው» አሉ አባ ይመር።

«ማስራቢያው ሁለት ነው። አንዱ ክኒን ነው። ክኒኑ ግን ውሃ በሰውነት ያጠራቅማል፤ ደምም ያረጋል። እንደ እርስዎ ላለ ልብ አደገኛ ነው። ሌላው ሁለቱን ፍሬ ማውጣት ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ልብዎን ስለሚከብደው ቦታውን ብቻ አደንዝዘን እንሠራለን። በሁለቱም የወንድ ፍላጎት ይጠፋል። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

አባ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። «ሥራዬን ነግረኸዋል?» አሉኝ። አልነገርኩም ነበርና ራሳቸው ነገሯቸው። ሐኪሙ ሳቃቸውን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አባ ይመር ግን አልሳቁም። «ክኒኑን ስጡኝ። ስንቱን ስቀጠቅጥ ኖሬ እኔው ተቀጥቅጬ ገበያ ልውጣ? ያገር መሳቂያ ልሁን?»

እግራቸውን አይቼ ፈራሁ። እወዳቸው ነበር። ልከራከራቸው አፌን ስከፍት የአቶ ታደሰ ቃል ትዝ አለኝና ወንበሬን ሳብ አድርጌ «አባ ይመር፣ አላህ ዕድሜ ቢጨምርልዎ ምን ሊሠሩበት ያስባሉ?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ማረስ ነዋ!»

ዕድሜያቸውን በሙሉ ጭሰኛ ነበሩ። የመሬት አዋጁ ከወጣ ወዲህ የገበሬ ማኅበሩ ማሳ ደልድሎ ሰጥቷቸዋል፤ ገና አላረሱትም። «የራሴን መሬት አንድ ክረምት እንኳ በእጄ ማረስ ነው የምሻው። ሌላውን ሁሉ አይቼዋለሁ» አሉ።

እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካክለው ለሐኪሙ ተናገሩ። «የተቀጠቀጠ በሬ ሲያርስ አይቻለሁ። ያበጠ እግር ሲያርስ ግን አላየሁም።»

መጀመሪያ የሳቁት አባ ይመር ናቸው፤ ሳቁ ሳል ሆኖባቸው ውሃ አጠጣናቸው። እንባቸውን ጠርገው «በሉ አዘጋጁኝ» አሉ።

ቀዶ ሕክምናው ሲሠራ ራስጌያቸው ቆሜ እጃቸውን ያዝኩ።

«ልጄ፣ እኔ ወይፈኑን ዝም ብዬ አልነካውም፤ አወራዋለሁ» አሉኝ።

«ምን ይሉታል?»

«አብሽር፣ ነገ ሣር ትበላለህ እለዋለሁ።»

እኔም ሥራው እስኪያልቅ «አብሽሩ አባ ይመር፣ ነገ ሣር ይበላሉ» እያልኩ ቆየሁ። ሐኪሙ «እባክህ አታስቀኝ፣ ቢላ ይዣለሁ» አሉኝ።

ከላላ እንደተመለሱ ወሬው ሳይቀድማቸው ራሳቸው ገበያ ወጥተው አወሩት። ባለቤቱ አስቀድሞ በሳቀበት ነገር የሚያሾፍ ሰው ጠፋ።

ክረምቱ ሲገባ ለክትባት ከላላ ሄድኩ። አባ ይመርን ከማሳቸው ላይ አገኘኋቸው። በሬዎቻቸው በድርቁ አልቀው ስለነበር ጥማዱ የውሰት ነው። እርፉን ይዘው ጥቂት ያርሱና ድንጋይ ላይ ያርፋሉ፤ ልቡ እንደሆነ አሁንም ያው የደከመ ልብ ነው፣ የልብ ክኒናቸውንም አላቋረጡም። ሲያዩኝ በጅራፋቸው ወደ ቀኙ በሬ ጠቆሙ። «ይሄን የቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ። ይኸው ሁለታችንም ሣራችንን እየበላን ነው» አሉኝ። ከማሳው ዳር ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስኩ።

ያንን ማሳ ከአንድ ክረምት በላይ አረሱት።

በሙያው ለምትከተሉኝ ያለኝ ይሄ ነው፤ ሁለት በሽታ ያለበት ሰው ሲመጣ፣ መድኃኒት ከመመረጡ በፊት ዕድሜውን ለምን እንደሚፈልገው ጠይቁት። መርፌው የትም አይሄድም።