ኦቦ ወዬሳና ከባቡር መስኮት የሚታየው ከተማ

አዲስ የተቆረጠ ዋርካ ሽታው እንደ እርጎ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ጥቂት የሚጎመዝዝ። በ፲፱፻፳ዎቹ መጀመሪያ ያ ሽታ በአዳማ ገበያ ላይ ሰፍሮ ሰነበተ። ዛሬም ነጭ ደም ያለው ቅርንጫፍ ሲሰበር የዚያን ጊዜው ንዴት ይመለስብኛል።

በገበያው መካከል የቆመው ዋርካ የማንም አልነበረም፤ ስለዚህም የሁሉ ነበር። ከሁሩታ ገብስ ጭነው የሚመጡ ገበሬዎች አህዮቻቸውን ከሥሩ አስረው ለኦቦ ወዬሳ አደራ ይሰጡ ነበር። የኦቦ ወዬሳ ኑሮ ይኸው ነበር፤ የሰው አህያ መጠበቅ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ነገር ግን በአገሩ ልማድ ገበያው ያለ ምርቃት አይከፈትም፤ መራቂውም እርሳቸው ነበሩ። ጠዋት እርጥብ ሳር ይዘው ይቆሙና ገበያው እንዲደምቅ፣ የመጣው በሰላም እንዲገባ ሲመርቁ፣ ሻጩም ገዢውም፣ ጨርቅ ነጋዴው ዓረብ ሳይቀር፣ «ሃ ተኡ»፣ ይሁን፣ እያለ ይቀበላል። ሽማግሌ በሐሰት ከመረቀ ምርቃቱ እርግማን ሆኖ በልጆቹ ላይ ይመለሳል ይባል ስለነበር፣ ኦቦ ወዬሳ ያላመኑበትን ነገር መርቀው አያውቁም።

የከተማው ሹም ባላምባራስ አብተው ይባላል። ከኬላ ጸሐፊነት ተነሥቶ መሰላሉን በሰው ትከሻ ላይ እያቆመ የወጣ ሰው ነው። አሁን ደግሞ የአውራጃ ገዥነት አምሮት አዲስ አበባ ደጅ ሲጠና ይከርማል። ከተማውን የሚያየው በባቡር መስኮት ነውና ኖራ የሚያስቀባው ወደ ሐዲዱ የዞረውን ግድግዳ ብቻ ነበር። የድኾቹን ጎጆ ዓይን ያስቀይማል ብሎ አፈረሰ። አቤት ያለውን አሰረ።

ከዚያ አንድ ትልቅ መኰንን በባቡር ሲያልፉ ለምሳ እንደሚወርዱ ተሰማ። የአውራጃው ሹመት በእኚህ ሰው ቃል የሚወሰን ነው። ባላምባራስ ያሠራው የቆርቆሮ አዳራሽ ግን በዋርካው ተከልሎ ከሐዲዱ አይታይም። መጥረቢያ አዘዘ።

በርበሬ ነጋዴዋ ዘርፉ፣ አሽከር ጃንጥላ ዘርግቶለት የሚያልፈውን ሹም እያየች፣ «የእርሱ ጥላ አብሮት ይሄዳል፤ የእኛይቱ ቆማ በቀረች ምን አደረገችው?» አለች። ሳቁ ብዙ አልቆየም። የኦቦ ወዬሳ ልጅ ሁንዴ ከግንዱ ፊት ቆሞ አልነሣም ቢል በሰንሰለት ታስሮ ተወሰደ። ዋርካው በማግሥቱ ወደቀ።

እናቱ ቡዜ ስንቅ ይዛ ሄዳ፣ ሰንሰለቱ የልጇን ቁርጭምጭሚት እንደላጠው አይታ ተመለሰች።

የመኰንኑ መምጫ ሲደርስ ባላምባራስ ኦቦ ወዬሳን አስጠራቸው። «አንተ ባለ አህያ» ሲላቸው የኖረው ሰው ያን ዕለት «እርስዎ አባታችን» አላቸው። መኰንኑ ሕዝብ ያልመረቀውን ሹም አልሾምም ብለው ኖሯል። እንግዲህ ኦቦ ወዬሳ በምሳው ላይ ተነሥተው ይመርቁት፤ ሁንዴም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

ባልና ሚስት ተመካከሩ። ቡዜ ከልጇ እግር ሌላ የሚታያት አልነበረም፤ ይመርቁ ብላ ለመነች። ኦቦ ወዬሳም አስበው አስበው መንገድ አገኙ። ለሹሙ «ልብ ይስጠው» ብለው ሊመርቁ ቆረጡ፤ ይህ ሐሰት አይደለምና።

አንባቢ ፍትሕ ጠብቆ እንዳይደክም አስቀድሜ ልናገር። ባላምባራስ የተመኘውን አውራጃ ኋላ አገኘ። ሁንዴም ከእስር ሲወጣ እያነከሰ ነበር።

በምሳው ቀን አዳራሹ ሞላ። ሥጋው ቀረበ፣ ጠጁ ተቀዳ። ባላምባራስ ወደ መኰንኑ ዞሮ፣ ዋርካውን ያስቆረጠው ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሰይጣን ሰፍሮበታል ብለው ስለለመኑት መሆኑን ተናገረ። «መራቂያቸው እኚህ ናቸው፤ ምርቃታቸው ምስክሬ ይሁን» አለና ብርሌውን ለኦቦ ወዬሳ አቀበላቸው። ጎንበስ ብሎም በጆሯቸው፣ «የሰንሰለቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው» አላቸው።

ኦቦ ወዬሳ ብርሌውን ይዘው ቆሙ። እንግዳው ሁሉ «ይሁን» ሊል ጉሮሮውን ጠረገ። ያዘጋጁት ቃል አሁን የሚያድናቸው አልነበረም፤ ምንም ቢመርቁ ዋርካውን በገዛ እጃቸው እንደሰጡ ሊቈጠር ነው።

«ጌታዬ» አሉ ወደ መኰንኑ፣ «ልጄ ዋርካው አይቆረጥ ብሎ በዚህ ሰው ሰንሰለት ታስሯል። እንዲቆረጥ የለመንን እኛ ከሆንን፣ ልጄ በምን ታሰረ?»

መኰንኑ ጉርሻቸውን አላቋረጡም። «የእስሩን ነገር ሌላ ቀን እናየዋለን» አሉ። «አሁን ምርቃቱን።»

በዚያ አገር ሽማግሌ ሳይመርቅ ከግብር ቤት አይወጣም። ኦቦ ወዬሳ እንደሞላ ያለውን ብርሌ ከባላምባራስ እግር ሥር አኖሩ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፤ ማንንም ሳይመርቁ፣ ማንንም ሳይሰናበቱ በእንግዶቹ መካከል አልፈው ወጡ።