የልብስ ማስጫው ሽቦ

ታላቅ ወንድሜን አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል። እሱም እንደማይወደኝ ደብቆ አያውቅም፤ በዚህ በዚህ እንኳ እንመሳሰላለን። እናታችን ስትሞት አቦቦ ያለውን ግቢ እሱ ያዘ፤ እኔ ደግሞ ዓይኑ እየፈዘዘ የመጣውን አባታችንን ይዤ ነርስ ሆኜ ወደምሠራበት ወደ ጋምቤላ ከተማ ተመለስኩ። ድሮ ጋሼ ነበር የምለው። ከዚያ ወዲህ «አንተ» ነው።

ጠባችንን ያከረረው የክራር ክር ነው። የአባቴ ክራር ሆዱ ገበቴ ነው፤ እናቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ስትመጣ አዝላ ያመጣችው የሊጥ ገበቴ። አቦቦ በደረሱ በመጀመሪያው ክረምት አባቴ ሳያስፈቅዳት ቆዳ ወጠረበትና ክራር አደረገው። ይህን እስክትሞት ይቅር አላለችውም። እሱ ሲጫወት ግን ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ትቆምና «ምነው፣ ሊጤን እያቦካህልኝ ነው?» ትለው ነበር፤ ሳትስቅም አትመለስም። አሁን አባቴ ከዚህ ክራር በቀር ቀኑን የሚገፋበት ነገር የለውም። ገበቴው ከተሰነጠቀ ሌላ አይተካውም፤ የሚተካ ቢኖርም የእናቴ አይሆንም።

የወንድሜ ትልቋ ልጅ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ሲቆረጥ አባቴ «የልጅ ልጄን እኔ ነኝ የማጫውታት» አለ። ክሮቹ ግን ዝገው አልቀዋል። ደጋ ቢሆን ጅማት ይበቃው ነበር፤ እዚህ ወበቁ ጅማቱን ያላላዋል፣ ጠዋት የቃኙት ከሰዓት ይረግባል። ስለዚህ ሽቦ ግድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የምትሯሯጠው እኔ ነኝ፣ መቼም።

መጀመሪያ የዓሣ መረብ የሚሰፋበትን ናይሎን አመጣሁለት። ወጠረው፣ መታው፣ ጆሮውን አስጠጋና «ይሄ ጆንያ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩበትን ሽቦ አመጣሁ፤ በጠመዘዘው ቁጥር እየተሳበ ድምፁን ሳያገኝ ቀረ። ለጊታር ክር ጸሎት ቤት ያሉትን መዘምራን ለመንኩ፤ የተረፋቸው ወፍራሙ ብቻ ነበር። አባቴ የመጣውን ሽቦ ሁሉ በሁለት እጁ ጣቶች ላይ ጠምጥሞ ይስበዋል። እጁ ላይ ካልተበጠሰ ይመልስልኛል። «ክር ከእንጨቱ ቀድሞ መበጠስ አለበት» ይላል። «ክሩ እንቢ ካለ የሚሰበረው ገበቴው ነው።»

ይህን አማርኛ ለማይቀናው የመለዋወጫ ነጋዴ ማስረዳት መከራ ሆነብኝ። የሞተር ሳይክል ገመድ አወጣልኝ።

«ይሄ ጠንካራ ነው፣ እህቴ። አይበጠስም።»

«የሚበጠስ ነው የምፈልገው።»

ትክ ብሎ አየኝ። «የሚበጠስ የለም። እኔ ሌባ አይደለም። ጥሩ ዕቃ ነው የምሸጥ።»

ሰውዬው እውነቱን ነው። ባጃጅ ውስጥ እስክገባ ድረስ ግን ሰደብኩት።

በዚህ መሃል ወንድሜ ደወለ። ለንግድ ደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ እስካለችው ማታር ድረስ ይመላለሳል፤ ከዚያ የሚያመጣውን ዕቃ ሁሉ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል ያወራለታል። «ተዪ አትድከሚ» አለኝ። «የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ገመድ አምጥቻለሁ። ሲፈታ ውስጡ ቀጫጭን ሽቦ ነው። ዕድሜ ልክ አይበጠስም።» «አባዬ የሚበጠስ ነው የሚፈልገው» ብዬ ብነግረው ሳቀ። «እሱ የድሮ ሰው ነው፤ አንቺ ግን ተምረሻል እየተባለ ነው» አለና ዘጋው። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም፤ ስልኩ የራሴ ባይሆን አደርገው ነበር።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል አባቴንና ክራሩን ይዤ አቦቦ ወረድኩ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ዳሱ ቆሟል። እጄን ታጥቤ አባቴ ወደተቀመጠበት ስመለስ ወንድሜ ክራሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሽቦውን አስሮ ጨርሷል። ማን ፈቀደልህ ልል ስል «ስሚ እስቲ» ብሎ አንዱን መታው። አልዋሽም፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አበገነኝ።

አባቴ ተቀብሎት መቃኘት ጀመረ። አምባሰል ሊያወጣ ነው። ቀንበሩ ላይ ያለውን ማጥበቂያ ሲያዞር ሽቦው ያለ ምንም ችግር ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል። የቆሙት ሁለት እንጨቶች ግን ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ሲጎብጡ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ገበቴው ሲጥ አለ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ አባቴ ግን ሰምቷት እጁ ባለበት ቆመ።

«አላልኩህም?» አልኩት ወንድሜን። «የእናቴን ገበቴ ልትሰብር ነው።»

«የእናትሽ ብቻ ናት እንዴ?»

«ፍታው!»

«ጨርቅ ይጠመጠምበታል። ደግሞ ስንት የደከምኩበትን...»

እንግዶች ዞረው ያዩናል። አባቴ ማጥበቂያዎቹን አንድ በአንድ ያላላ ጀመር። «ድሮ» አለ ለማንም ሳይሆን፣ «የሰፈራ ጣቢያው ስልክ ሲቋረጥ ሽቦውን ተካፍለነው ነበር። ያ ነበር ክር። እኔ ለክራሬ መዘዝኩ፣ የተረፈውን እናታችሁ ልብስ አሰጣችበት።»

ቀና ስል ያ የስልክ ሽቦ ከፊቴ ነው። ከማንጎው ዛፍ እስከ አጥሩ ቋሚ ተወጥሮ፣ ጥቁር ፕላስቲክ እንደለበሰ፣ የወንድሜ ሚስት ለሠርጉ ያጠበችው ነጠላና አንሶላ ተሰጥቶበታል። ስንት ጊዜ ከሥሩ አጎንብሼ አልፌያለሁ። ከወጥ ቤት ቢላ ይዤ ወጣሁ።

ወንድሜ ወዴት እንደምሄድ ሲገባው ብድግ አለ። «እንዳትነኪው» አለኝ።

«ለክራሩ ነው።»

«ተዪው አልኩሽ! ግቢው የኔ ነው።»

ይህን ባይል ምናልባት እቆም ነበር። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ። ግቢው የኔ ነው ሲለኝ ቢላውን አነሣሁ። ሽቦውን ከማንጎው ጥግ ቆረጥኩት። አንሶላውም ነጠላውም አቧራው ላይ ተዘረረ። የወንድሜ ሚስት አፏን በእጇ ያዘች። ወንድሜ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ባይመታኝ ቅር እስኪለኝ ድረስ ጠበቅኩ። ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት ገባ።

አባቴ ፕላስቲኩን በጥርሱ ላጠው። ውስጡ ያለው ሽቦ ዝገት አልነካውም። አንዷን መዝዞ ጣቱ ላይ ጠመጠመና ሳባት፤ ጠብ ብላ ተበጠሰች። ደስ አለው። «ይቺ ናት» አለኝ።

ያን ጊዜ አሸነፍኩ ብዬ የወደቁትን ልብሶች ለማንሳት ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት ከጎኔ አጎንብሳ አቧራውን ታራግፋለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ። «እታለም፣ እኔ እኮ ይሄን ገመድ ስንት ጊዜ ለውጥልኝ ብዬዋለሁ። ከማታር ናይሎኑን በጥቅል እያመጣ ለሰው ይሸጣል፤ ይሄን ግን አያስነካኝም። እማዬ ናት የወጠረችው ይለኛል። ቋጠሮውን እንኳ እንድፈታው አይፈቅድም።»

ማንጎው ላይ ቀና ብዬ አየሁ። የቆረጥኩት ከቋጠሮው አጠገብ ነው። ቋጠሮው ግንዱ ላይ ቀርቷል፤ እናቴ እንደምታስረው ሁለቴ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ የገባ፣ ዛፉም በላዩ ላይ አብጦበታል።

አፍ የለውም እንዴ? ግቢው የኔ ነው ከሚል «የእናቴ ነው» ቢለኝ ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሱ ዝምታ ግን እኛኑ አነቀዘን። እኔ ገበቴውን ሳቅፍ እሱ ደግሞ ይሄን ታቅፎ ኖሯል፣ ሁለታችንም ሌላው ያላዘነ መስሎን። ይህን እያወቅኩም ተናደድኩበት። እስከ ዛሬም እናደድበታለሁ።

በሠርጉ ቀን አባቴ ዳሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የልጅ ልጁን አጫወታት። ሰዉ ከተቀመጠበት ተነሣ። ገበቴው አልተነቃነቀም፤ የሚበጠሱት ክሮቹ ናቸው፣ እሱ እንደሚፈልገው። አንዱ በተበጠሰ ቁጥር እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ከአጥሩ ጋር የቀረውን ሽቦ እየቆረጠ የሚያቀብለው ደግሞ ወንድሜ ነው። ማንም አላዘዘውም። በሙሉ የሠርግ ልብሱ ከዳሱ ጎን አጥሩ ሥር ቆሞ ይቆርጣል፣ ፕላስቲኩን ይልጣል፣ አባቴ መዳፍ ላይ ያኖራል፤ እኔን አያይም።

ሲመሻሽ ልረዳው ተጠጋሁ። ሽቦው አጥሩ ላይ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ሆኗል። ቢላውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፣ አልሰጠኝም።

«ይሄ ሲያልቅስ» አለኝ፣ «ከየት ታመጫለሽ?»

ለወንድሜ የሚሆን ስድብ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን የሽቦውን ጫፍ ወጥሬ ያዝኩለት። አባቴ ከዳሱ ውስጥ ክራሩን አቅፎ እጁን እንደገና ዘርግቷል፣ ወንድሜም የመጨረሻዋን ቆረጠ።