ድብ አገር የተሰቀለ ቋንጣ

ያን ሰውዬ ስሙን ሳላውቅ ነው የጠላሁት፤ ስሙን እስከ ዛሬም አላውቀውም። የማውቀው ትሬለሩን ነው። ነጭ ሆኖ በወገቡ አረንጓዴ መስመር የዞረበት፣ መስኮቶቹ ሁሉ መጋረጃ ያላቸው፣ በሩ ሥር ምንጣፍ የተነጠፈለት ትሬለር ነበር። ከካልጋሪ በስተምዕራብ፣ ተራራው ሥር ባለ፣ ሰው ለመዝናናት በሚያድርበት ካምፕ ግራውንድ፣ በረዶው ቀልጦ ሙቀት ከገባ ጀምሮ በየቅዳሜው እዚያችው ቦታ ላይ ይቆማል። እሱ በር ላይ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ አንድ እግሩን የሚያነክስ ያረጀ ውሻ ደግሞ ሥሩ ይተኛል።

ትሬለር ማለት አልጋና ምድጃ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። የእኛው አልጋው ደህና ነበር፤ ከሁለቱ ምድጃ የሚሠራው አንዱ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ያንጠባጥባል። የገዛሁት አማቴ ከአዲስ አበባ ሊመጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ነው። ሚስቴ «ቤታችን ውስጥ የሚጠገን ሞልቶ ሌላ የሚጠገን ቤት ታመጣለህ?» ብላ ተነጫነጨች። አልሰማኋትም። ትሬለሩን የገዛሁት ለአባቷ ነበር።

አማቴን ከዚያ በፊት በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። እኔና ሚስቴ የተጋባነው እዚሁ ካልጋሪ ስለሆነ ሽማግሌ የላክሁት በስልክ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ልጃቸውን አየር ማረፊያ ውስጥ አውሮፕላን ለሚጠርግ ሰው መስጠት አልዋጥላቸው ብሎ «እሺ» እስኪሉ ሁለት ወር ፈጀባቸው። ያን ሁለት ወር ቀን በቀን አስታውሰዋለሁ። ስለዚህ ለሦስት ወር ሊጠይቁን ሲመጡ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲመለሱ «ልጄስ ሰው አግብታለች» ብለው እንዲመለሱ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ገና ከጅምሩ ተበላሸ። ትሬለሩን ወደ ኋላ ማስገባት አቃተኝ። ወደ ግራ ስጠመዝዝ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሳስተካክለው ዛፍ ሊገጭ ይደርሳል። የደረሰን ቦታ ከነጩ ትሬለር አጠገብ ነበር፤ ጎረቤቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ኩባያውን እንደያዘ ያየኛል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ አማቴ ከፒክአፑ ወርደው ከኋላ ቆሙና የትሬለሩን ጎን በመዳፋቸው እየመቱ «ና፣ ና፣ ጠምዝዝ፣ በቃ» አሉኝ። በአንድ ጊዜ ገባ። ሰውዬው ለሳቸው ኩባያውን ከፍ አደረገላቸው። ለእኔ አላደረገም፤ ያኔውኑ መዘገብኩበት።

የአማቴ ሙያ ሁለት ነው፤ መንዳትና ቋንጣ መሥራት። አሰብ በረሃ ላይ መኪናቸው ውስጥ ገመድ ወጥረው ሥጋ እያደረቁ ነው ሲነዱ የኖሩት። ካልጋሪ ውስጥ ፓይንሪጅ ሰፈር ያለው ቤታችን ለቋንጣ አልተመቻቸውም ነበር፤ ምድር ቤቱ ይታፈናል፣ ጓሮው ደግሞ የሰው ዓይን አለበት። ካምፑ ጋ ሲደርሱ አንዴ በአፍንጫቸው ሳቡና «ይሄ አየር ለቋንጣ ነው የተፈጠረው» አሉ። ከቤት የመጣውን ሥጋ በረጅሙ ዘለዘሉት፣ በጨውና በበርበሬ አሹት፤ እኔም ከትሬለሩ እጀታ እስከ ጥዱ ድረስ ገመድ ወጠርኩላቸው።

ድብ እንዳለ አውቅ ነበር። መግቢያው ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ግን አስቤበታለሁ። እዚህ አገር ጫካ የሚገባ ሰው ለድብ መከላከያ ብሎ የሚይዘው የበርበሬ ርጭት ነው። ድብ ከበርበሬ የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ የእኛን ቋንጣ ምን አባቱ ያስጠጋዋል? ይህን ለአማቴ ሳስረዳቸው ሳቅ ብለው «ጭንቅላት አለህ» አሉኝ። ከመጡ ጀምሮ ያመሰገኑኝ ያን ጊዜ ነው።

ምስጋናውን ሳላጣጥም ሰውዬው ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። «ሥጋው እዚህ ውጭ መሰቀል የለበትም» አለኝ በእንግሊዝኛ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋላችሁ የለ። ስለ ድብ አንድ ሁለት ነገር ጨመረ፤ ባለፈው ዓመት በሰው ምግብ የተነሳ አንዱ እንደተገደለ ነገረኝ። እሺ ይበልጣል ከሺ ብዬ «እሺ» አልኩት። እሱም ሄደ፣ ቋንጣውም ከተሰቀለበት አልወረደም።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ የፓርኩ ጠባቂ በመኪና መጣ። ጓንቱን አጠለቀና ቋንጣውን አንድ በአንድ ከገመዱ ላይ ለቅሞ፣ ድብ ሊከፍተው የማይችለው የብረት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረው። በአንድ ሰዓት ውስጥ እንድንወጣ፣ ከተደገመ ደግሞ ሁለተኛ እዚያ ካምፕ ድርሽ እንዳንል ነገረን። ጎረቤታችን ወንበሩ ላይ ሆኖ ሁሉን ይሰማል። አማቴ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ቢላዋውን እንደያዙ ቆመው ሥጋው ሲጣል አዩ። ወደ ከተማ ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ «ብዙ ቦታ ተባርሬያለሁ» አሉ፤ «ከጫካ ስባረር ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰውዬ ከራሴ አልወርድ አለ። ሺፍት ላይ የአውሮፕላን ወንበር ሥር ጎንበስ ብዬ ስጠርግ እሱን ነው የምጠርገው። የሰው ፍርፋሪ ባነሳሁ ቁጥር ለእሱ የሚሆን ቅጣት አስባለሁ። የመኪናውን ጎማ ላስተነፍስ? ነውር ነው። የትሬለሩን የመብራት ገመድ ከምሰሶው ልንቀለው? ያንሰዋል። እኔ የምፈልገው እኛን ያስወጣበት ደንብ እሱንም እንዲያስወጣው፣ አማቴም ቆመው እንዲያዩት ነበር።

«ሰውዬው እኮ መጀመሪያ መጥቶ ነግሮሃል» አለችኝ ሚስቴ። «ደንቡ ነው። ድብ ቢመጣስ ኖሮ?»

«ሲነግረኝ ሰላም አላለኝም» አልኳት።

«አንተስ ብለኸዋል?»

ወሬውን ቀየርኩ።

በሁለት ሳምንታችን ተመለስን። መግቢያው ላይ ቦታ ሲያስመርጡኝ ያንኑ መረጥኩ። ሚስቴ ገረመመችኝ፤ ለአማቴ ግን «ወንዙ ቅርብ ስለሆነ ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር ሥራዬ ሰውዬውን መጠበቅ ሆነ። ኪሴ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያዝኩ። የውሻው ሳህን ቀኑን ሙሉ ውጭ ይውላል፤ ጻፍኩ። ሥጋ የጠበሰበትን ፍርግርግ ሳያጥብ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ፤ ጻፍኩ። ደንብ አክባሪው ሰውዬ ለራሱ ሲሆን ደንቡ ይላላለታል።

ፍልሰታ ገባ። ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ ወተቱን ተውኩ። ቂሜን ግን አልተውኩም። አማቴ ነገሩ የገባቸው መሰለኝ፤ አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ ሽሮ ስንበላ ማንንም ሳያዩ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉ። እኔ እንጀራዬን ጠቀለልኩ።

ጾሙ ሲፈታ አማቴ ወደ ቋንጣቸው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ የሰቀሉት ቤታችን በር ላይ በቆመው ትሬለር ውስጥ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥረው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ እየገቡ ሲያገላብጡት ሰነበቱ። አልጋው ሁሉ በርበሬ በርበሬ ሸተተ። «ይሄ ተሳቢ አሁን ገና የእኔ መኪና መሰለ» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ሊመለሱ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። እኔም በሆዴ፣ ሳይሄዱ መበቀል አለብኝ አልኩ።

የመጨረሻ ጉዟችን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አየሁት፤ የውሻው ሳህን አጥንት እንደሞላ ከትሬለሩ ሥር ተቀምጧል፣ ፍርግርጉ ላይ ስብ ደርቋል፣ ሰውዬው በመንደሩ የለም። ጀሪካኑን አነሳሁና ለሚስቴ «ውሃ ቀድቼ መጣሁ» አልኳት። ቧንቧውን አልፌው ሄድኩ። መግቢያው ላይ ላለችው ልጅ የቦታውን ቁጥር ነገርኩና «ምግብ ውጭ ጥሎ ሄዷል፣ ልጆች ያሉበት ካምፕ ነው» አልኳት። ስሜን ስትጠይቀኝ አስፈላጊ አይደለም አልኳት። ስመለስ በወንዙ ዳር በረጅሙ መንገድ መጣሁ። እንደዚያ ቀን ደስ እያለኝ የተራመድኩበትን ቀን አላስታውስም። ባዶው ጀሪካን ጉልበቴን እየመታ ዘፈን ላወጣ ምንም አልቀረኝም።

ስደርስ የፓርኩ መኪና ቀድሞኝ ቆሟል። በጎረቤቴ ትሬለር በር ላይ፣ ከተዘረጋው የሸራ ጥላ ብረት ላይ፣ ገመድ ሙሉ ቋንጣ ተንጠልጥሏል። ከትሬለሩ ኋላ ሁለት ሽማግሌዎች እየሳቁ ብቅ አሉ፤ አንደኛው ሰውዬው ነው፣ ሌላው ኮታቸውን ለብሰው ክራቫታቸውን ያሰሩት አማቴ ናቸው።

የሆነውን ሚስቴ ኋላ ነገረችኝ። እኔ እንደሄድኩ ሰውዬው ከወንዝ ተመለሰ። አማቴ አይተውት ተነሱና «ሥጋውን የሰቀልኩት እኔ፣ ጸቡ የእናንተ፤ ሳልታረቅ ከሄድኩ ነውር ነው» አሏት። ክራቫታቸውን አሰሩ፣ ቋንጣቸውን ይዘው ሄዱ። እንግሊዝኛ አያውቁም። እጅ ነሱት፣ ቋንጣውን ሰጡት፣ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማሳየት ደግሞ ራሳቸው ሰቀሉለት። ሰውዬው የሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና ሾፌር ኖሮ፣ በእጅ ምልክት ማርሽ እየቀየሩ፣ ቁልቁለት እየወረዱ፣ ፍሬን እየረገጡ ሲያወሩ ነው የተደረሰባቸው።

ጠባቂዋ ዛሬ ወጣት ሴት ናት፤ እኛን አታውቀንም። ቋንጣውን አየች፣ ሳህኑን አየች። «ይሄ ሥጋ የማነው?» ብላ ጠየቀች።

ሰውዬው አማቴን አያቸው። ከዚያ ጀሪካን ይዤ የቆምኩትን እኔን አየኝ። ከተደገመ የተባልነውን በጆሮው ሰምቷል።

«የኔ ነው» አላት።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «የኛ ነው» ብል ኖሮ ሰውዬው የሚጠየቀው በሳህኑ ብቻ ነበር። አልተነፈስኩም። መጀመሪያ የተሰማኝም ጸጸት እንዳይመስላችሁ፤ ደስታ ነው። እኛን ያስወጣን ሰውዬ፣ እኛ በወጣንበት ደንብ፣ እኔ እያየሁ ሊወጣ ነው። እንደተመኘሁት አማቴም ቆመው ያያሉ።

ጠባቂዋ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲወጣ ነገረችው፤ አማቴም ቋንጣቸው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጣል አዩ። ጓደኛቸው ለምን ዕቃውን እንደሚሰበስብ ሚስቴ ስትነግራቸው ኮታቸውን አውልቀው ሊያግዙት ሄዱ። ትሬለሩን ከመኪናው ሲያጋጥም የፒክአፑን ጎን በመዳፋቸው እየመቱ «ና፣ ና፣ በቃ» አሉት፤ እሱም ያለ አስተርጓሚ ገባው። ሊሄድ ሲል የተረፈውን የማገዶ እንጨት አቅፎ መጥቶ እኔ እግር ሥር አስቀመጠው። «ለአባታችሁ አንድዱላቸው፤ ማታ ይበርዳል» አለኝና ሄደ።

አነደድኩት። ሚስቴ ለእራት ጀሪካኑን ስታነሳ ቀለላት። «ይሄ ባዶ ነው እኮ» አለች።

«ቧንቧው ተበላሽቷል» አልኩ።

አማቴ እሳቱን እያዩ «ማን ነገረበት ይሆን?» አሉ።

«ሌላ ጎረቤት ይሆናል፣ ጋሼ። እዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው።»

እስኪሄዱ ድረስ ስለዚያ ቀን አላነሱም።

በመሸኛቸው ቀን አየር ማረፊያው ውስጥ የምሠራበትን ሁሉ አሳየኋቸው። ሥራዬን አዩ፣ ከባልደረቦቼ ጋር ተጨባበጡ፣ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አሉ። ፍተሻው በር ላይ ልጃቸውን ሦስቴ ሳሙ። እኔን ሲስሙ ጆሮዬ ሥር ቆየት አሉ።

«ያ የካምፑ ቧንቧ እኮ ደህና ነው» አሉኝ። «በማግስቱ ጠዋት እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ሄጄ ቀድቼበታለሁ።»

ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ የለም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ቦርሳቸውን አንስተው ዞር ሳይሉ ገቡ።

«አባዬ ምን አለህ?» አለችኝ ሚስቴ እንባዋን እየጠረገች።

«ደህና ሁኑ አሉ» አልኳት።